ግራጫው ጨርቅ

በኡፐርናቪክ መደብር፣ ገና ወጣት ሳሉ፣
አባቴና አጎቴ ጠመንጃ ገዙ አሉ፤
ዋጋው የቀበሮ ቆዳ፣ የሁለት ክረምት ልፋት፣
ብረቶቹ መንትዮች፣ ካንድ ፋብሪካ፣ ካንድ እሳት።
መንታ ያልሆኑት ባለቤቶቹ ናቸው፤
ከገዙበት ማግሥት ጨርቅ የለያቸው።

ኦዳቅ ማታ ማታ፣ ይተኩስ አይተኩስ፣
ጨርቅ በዘንግ ጠምጥሞ አፈሙዝ ሲያስስ፣
አንደኛው ጨርቅ ጥላሸት፣ ሁለተኛው ቡላ፣
ሦስተኛው ግራጫ፤ "አይበቃም፣ አምጪ ሌላ!"
ይላታል ሚስቱን፤ ጨርቁም ያልጋ ልብሷ ነው፣
በየማታው ተቀዶ ሩብ ያህል የቀረው።

አባቴ ኡሳርቃቅ፣
"ጠመንጃ ድስት አይደለም፣ እራት አይበላበት፤
ጥይቱ ራሱ ጠራጊ፣ በየጊዜው ሲያልፍበት!"
ይላል እየሳቀ።
በዓመት ሁለት ጊዜ፣
ፀሐይ ተሰውራ ጨለማ የነገሠ ለት፣
ከወራት በኋላም ጮራዋ ያጮለቀ ለት፣
አንዲት ጨርቅ ያገባል፤ ያወጣል፤ ይጥለዋል፤
ውሾች እንኳ አሽትተው ፊት ያዞሩበታል።

አቆስጣ ሊተነፍስ ከበረዶው ቀዳዳ
ብቅ እስኪል ሲጠብቁ፣ ለብሰው የድብ ቆዳ፣
በሹክሹክታ ሳይቀር በዚህ ተነታረኩ፤
ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ አንዱ ላንዱ ሳይንበረከኩ።

እኔ ልመስክር፤ ዐሥራ አራት ዓመቴ ነበር፤
የጥር ጨለማ ነው፣ ትንፋሽ ጢም ላይ ሲጋገር።
ነጩ ድብ ከውሾቹ መሀል ተገኘ ድንገት፤
ሦስቱን እንደ ጓንት ወረወራቸው ባንድ ምት።
ኦዳቅ አነጣጠረ። ምላጭ ሳበ። ጸጥታ።
ያ ሁሉ ውልወላ፣ ያ ሁሉ የዘይት ጠብታ
ከብርዱ እንደ ጮማ ረግቶ ተጋግሮ፣
የመምቻዋን መርፌ ይዟታል አስሮ።
በዚያች በጥላሸታሟ፣ ዘይት በማታውቅ ብረት
አባቴ ተኮሰ፤ አውሬው ወደቀ፣ ካሥር እርምጃ ርቀት።

ይስቅ መስሎኝ ነበር። አፉን አልከፈተም።
የወንድሙን ብረት በቤንዚን አጥቦ፣ አድርቆ፣
መለሰለት ብቻ።
ለኔ ነው የነገረኝ፣ በሌላ ቀን፣ ለብቻ፦

"በክረምት ዘይት ዕዳ ነው፤ ከደጅ ትደር ብረትሽ፤
ሙቅ ቤት ካስገባሻት ታልባለች እንደ ፊትሽ።
በበጋ ግን ጨው አለ። ጨው አይተኛም ሌሊት።"
ይህን ሲል አንገቱን ደፋ። አንድ የሐምሌ ዕለት፣
ከጀልባው ላይ ሆኖ፣ ቃታው ዝጎ ተጣብቆ፣
የሰባ አቆስጣ ፊቱ ላይ ውሃ አንቦራጭቆ
ሄዷል። "ሳትኩት" ብሎ ነው ለኦዳቅ የነገረው።
እኔ ብቻ አውቃለሁ፣ እስኪሞት የደበቀው።

አሁን አባቴ ካለት ክምር ሥር ተኝቷል፤
እኛ አገር አፈር የለም፤ ሰው ድንጋይ ይለብሳል።
መንትዮቹ እኔ ጋ ናቸው፤ ኦዳቅም እኔ ጋ ነው፣
ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ፣ አልጋው መስኮት ሥር ነው።
የኦዳቅን ጠመንጃ ዘንግ ስለላሳት
የአፏ ጠርዝ አልቆ ዒላማ ተሳናት፤
የአባቴም ብትሆን፣ ጨው ሲቀምሳት ከርማ፣
ጉሮሮዋ ሻክሯል፣ ዝገት ተሸልማ።

"ስንቴ? ምን ያህል?" ይሉኛል ጎረምሶቹ ሲመጡ።
ምን ልበል? ከባሕር ከመጣሁ፣ ያኑ ማታ፤
ከበረዶ ከሆነ፣ ደጅ ትቆይ፣ ደርቃ ላፍታ።
ዘንጉን ከኋላዋ እንጂ ባፏ በኩል አልሰድድም፤
ሦስት ጨርቅ እቆጥራለሁ፤ አራተኛ አልቀድድም።

ትናንትም እንዲሁ፣ ማዕበል ረጭቶኝ ገብቼ፣
በመብራት ሥር ተቀምጬ፣ ብረቷን ፈትቼ፣
"ኢቫሉ፣ ስንተኛሽ ነው?" አለኝ ካልጋው ሆኖ።
"ሦስተኛ።"
"ነጭ ሆነ?"
"እንደ በረዶ" አልኩት፣ ጨርቁ ግራጫ ሆኖ።

እጁን ዘረጋ። ሰጠሁት።
ወደ አፍንጫው አስጠጋ፤ አሸተተው፤ ቆየ፤
ባሩዱን፣ ጨዉን፣ እኔን፣ በጣቶቹ አየ።
"ውሸታም" አለኝ፣ "የኡሳርቃቅ ልጅ።"

"አምጪ ሌላ" ግን አላለም።